ከእንጦጦ ስወርድ ጉልበቴን በውጭ በኩል ይወጋኛል፤ ዳገቱ ግን አያመኝም

የሽሮ ሜዳዋ (መስከረም 21)

ሰላም ለሁላችሁም። የምትሮጡ ወይም ስለዚህ ነገር የምታውቁ ካላችሁ ብትመክሩኝ ብዬ ነው።

31 ዓመቴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ የምውል የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሮጥ የጀመርኩት ባለፈው ሚያዝያ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ነው። ጃን ሜዳ በሳምንት ሦስት ቀን ስድስት ስድስት ኪሎ ሜትር ዱብ ዱብ እንል ነበር፤ ምንም አልሆንኩም። ኅዳር ላይ ለሚደረገው ታላቁ ሩጫ ስንመዘገብ "ዳገት ካልሠራን አንችለውም" ተባባልንና ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ ቅዳሜና እሑድን ጨመርን። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም እንወጣለን፣ እንወርዳለን። ክረምት ስለነበር ጫካው ጭቃ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም በአስፋልቱ ላይ ነበር። ስንወጣ ግማሹን በእርምጃ፣ ስንወርድ ግን ሳናቋርጥ በሩጫ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ቀኝ ጉልበቴ በውጭ በኩል፣ ከሎሚው ጎን ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጣት በምታህል ቦታ ላይ ማቃጠል ጀመረ። መጀመሪያ ቤት ከገባሁ በኋላ ነበር የሚሰማኝ። አሁን ሜዳ ላይም ቢሆን አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስደርስ በመርፌ እንደሚወጋ ይጀምረኛል፤ ካልቆምኩ እግሬን መጎተት ነው። ቆሜ ስራመድ በአምስት ደቂቃ ይጠፋል። በማግስቱ የቢሮውን ደረጃ ስወርድ ይነካኛል፤ ስወጣ ግን ምንም የለም። አላበጠም።

ከመስቀል በፊት አሥር ቀን ሙሉ አረፍኩ። ከመስቀል ማግስት በደስታ ወጥቼ ስሞክረው ያው አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጀመረኝ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ክሊኒክ ሄጄ ራጅ ተነሣሁ፤ አጥንቱ ደህና ነው ተባልኩ፣ ዲክሎፌናክ ቅባት ተሰጠኝ፣ "ሩጫውን ተዪው" ተባልኩ። እናቴ ደግሞ ወጌሻ ጋ ካልወሰድኩሽ ብላ ይዛኛለች። ውድድሩ ሰባት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። ጉልበቴ አልቆ ነው ወይ? መሮጥ ሕይወቴን ለውጦታልና "ተዪው" የሚለውን መልስ መቀበል አቅቶኛል።


ማለዳ 11 ሰዓት (መስከረም 21)

እህቴ አይዞሽ። አምና እኔንም እንዲሁ ይዞኝ ነበር፣ በውጭ በኩል። የጅማት መወጠር ነው ብለውኝ በየማታው የዳቦ ሊጥ መዳመጫ በጭኔ ጎን እስከሚያመው ቦታ ድረስ አጥብቄ አስኬድበት ነበር። ያማል፣ ግን ቻዪው። ከሁለት ወር በኋላ ለቀቀኝ። ወጌሻም ክፉ አይደለም፣ የሚያውቅ ሰው ካገኘሽ።


ፊዚዮ ከሱሉልታ (መስከረም 22)

እህቴ፣ ጉልበትሽ አላለቀም። እንቅልፍ የሚነሣሽ ይህ ሐሳብ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ልበል።

በአካል አላየሁሽም፤ ይሁን እንጂ የጻፍሽው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል። ሕመሙ በውጭ በኩል ነው፣ በጣት የሚጠቆም ነው፣ ሁልጊዜ እዚያው ርቀት ላይ ይጀምራል፣ ስትቆሚ ይጠፋል፣ ቁልቁለትና ደረጃ መውረድ ያባብሰዋል፣ ዳገት አይነካውም። ይህ ሯጮች "አይቲ ባንድ" የሚሉት ሕመም ነው። እኔን በ2001 ዓ.ም. ለአንድ ክለብ ስሮጥ ያዘኝና የውድድር ዓመቴን ሙሉ በላው። ኋላ ጎንደር ገብቼ ፊዚዮቴራፒ የተማርኩትም አንዱ በዚያ ቁጭት ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሺኝ።

ሕመሙ ስሙን ያገኘበት ባንድ ከዳሌሽ ጎን ተነሥቶ በጭንሽ ውጫዊ ጎን ቁልቁል የሚወርድ፣ ከጉልበት በታች የቅልጥም አጥንት ላይ የሚታሰር ሰፊና ጠንካራ የጅማት ቀበቶ ነው። ላይኛውን ጫፍ የሚይዙት የዳሌና የመቀመጫ ጡንቻዎች ናቸው። ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የጭን አጥንት ወደ ውጭ ጉብ ባለበት ቦታ ላይ ያልፋል። በጉብታዋና በባንዱ መካከል ነርቭ የበዛበት ስስ የስብ ንጣፍ አለ። ጉልበት ወደ 30 ዲግሪ ያህል ሲታጠፍ ባንዱ ያንን ስብ አጥንቱ ላይ ይጫነዋል። የምትጠቁሚያት ቦታ እሷ ናት።

ድሮ "ባንዱ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ አጥንቱን ይፈትጋል" ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም በማሪን ወታደሮች ላይ ያየውን ሲጽፍ ስሙን ራሱን "የፍትጊያ ሕመም" ብሎ ነው ያወጣለት። እ.ኤ.አ. በ2006 የብሪታንያ የአናቶሚ ተመራማሪዎች ግን ባንዱ ከጭን አጥንቱ ጋር የተሳሰረ መሆኑን፣ እንደ ገመድ እንደማይንሸራተት፣ የሚጎዳውም ከሥሩ የሚጨመቀው ስብ እንደሆነ አሳዩ። ይህን የማወራው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። የታመመው የተጨመቀ ነገር ከሆነ፣ ወንድሜ "ማለዳ 11 ሰዓት" እንዳለው መዳመጫ ማስኬድ በጭመቃው ላይ ጭመቃ መጨመር ነው። ወንድሜ፣ አንተን ያሻለህ ሁለቱ ወር ይመስለኛል፤ መዳመጫው አይደለም። ባንዱ በእጅም በእንጨትም የሚለጠጥ ነገር አይደለም። ማሸት ከፈለግሽ ከላይ የመቀመጫሽንና የዳሌሽን ጡንቻ ማሸት ትችያለሽ፤ ጉልበት አጠገብ ያለውን ቦታ ግን አትንኪው።

አሁን ወደ እንጦጦ። ቁልቁለት ላይ እግርሽ መሬት ሲነካ ጉልበትሽ ቀጥ ወዳለው ያደላል፤ በየእርምጃው ደግሞ ፍሬን እየያዝሽ ነው። ስለዚህ ጉልበቱ በዚያች በ30 ዲግሪ አካባቢ ክብደት ተሸክሞ ይቆያል። ዳገት ላይ ጉልበት ይበልጥ ታጥፎ ስለሚያርፍ ያቺን ቦታ ያመልጣታል። በጣም ቀስ ብሎ ዱብ ዱብ ማለት ፈጠን ብሎ ከመሮጥ ይልቅ የሚያመውም ለዚህ ነው፤ ብዙዎች ይህን ሲሰሙ አያምኑኝም። ሜዳ ላይ ኪሎ ሜትሩን በሰባት ደቂቃ ብትሮጪ ስድስት ኪሎ ሜትር 42 ደቂቃ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀኝ እግርሽ ብቻውን ከ3,000 ጊዜ በላይ ያርፋል። አንዷ ማረፍ ምንም አታደርግም። ሦስት ሺህ ጊዜ፣ በቁልቁለት፣ በተከታታይ ሁለት ቀን ሲሆን ግን ስቡ ይቆጣል።

አንቺ ያደረግሽውን ቁጠሪው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሦስት ቀን ወደ አምስት ቀን፣ ከጃን ሜዳ ሣር ወደ አስፋልት፣ ከሜዳ ወደ ረጅም ቁልቁለት። ሦስቱም በአንድ ላይ። ዳገቱን ፈርታችሁ ተዘጋጃችሁ፤ የጎዳሽ ግን መውረዱ ነው። ብዙ ሰው እንጦጦን ሲያስብ መውጣቱን ብቻ ነው የሚያስበው። በዚያ ላይ አስፋልት መሐሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ያለ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ዳር ከሮጥሽ አንድ እግርሽ ዘወትር ዝቅተኛው ላይ ነው።

ስለ ዕረፍቱ። አሥር ቀን ስታርፊ ስቡ ተረጋጋ፤ ሌላ ምንም አልተለወጠም። እኔ አምስት ሳምንት ሙሉ አርፌ፣ አሠልጣኜም "አሁን ድነሃል" ብሎኝ፣ በተመለስኩበት የመጀመሪያ ቀን እዚያው ቦታ ላይ ወጋኝ። ያን ቀን ከሰንዳፋ እስከ ቤቴ በታክሲ የመጣሁት እያለቀስኩ ነበርና የአንቺን መንገድ ዳር መቀመጥ አውቀዋለሁ።

እናትሽን እንዲህ በያት፤ ወጌሻ ለወለምታ ነው፣ እዚህ ግን ከቦታው የወጣ፣ የሚመለስ ነገር የለም። እኔን ያሹኝ ሰው ቅን ሰው ነበሩ። በአውራ ጣታቸው ሕመሙን ፈልገው ሦስት ቀን እዚያው ላይ ተጫኑ። ቦታው ጠቁሮ፣ ሜዳ ላይ መራመድ እንኳ የማልችልበት ሳምንት መጣ።

ማድረግ ያለብሽ ሁለት ነገር ነው፤ ስቡን ማስቆጣት ማቆም፣ ዳሌሽን ማጠንከር። ሁለተኛው ለምን? በአንድ እግር ስታርፊ ዳሌሽ ወደ ሌላው ጎን እንዳይወድቅ የሚይዘው በዳሌ ጎን ያለው ጡንቻ ነው። እሱ ሲደክም ጭን ወደ ውስጥ ይገባል፣ ባንዱ ይወጠራል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ያንን ጡንቻ ብዙም አይጠቀምበትም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 24 የታመሙ ሯጮችን ለስድስት ሳምንት የዳሌ ጡንቻ እንዲሠሩ አድርጎ 22ቱ ያለ ሕመም ወደ ሩጫ ተመልሰዋል። ሕክምናውን ያላገኘ የታማሚ ቡድን አጠገቡ ስላልነበረ እንደ መሐላ አልይዘውም፤ እኔ ከማያቸው ሰዎች ጋር ግን ይገጥማል።

የመጀመሪያው ልምምድ ይህ ነው። በግራ ጎንሽ ተኚ፣ ጀርባሽና ቀኝ ተረከዝሽ ግድግዳ ይንኩ። ጣቶችሽን ትንሽ ወደ መሬት አዙረሽ ቀኝ እግርሽን ተረከዙ ግድግዳውን ሳይለቅ ወደ ላይ ግፊው፣ ቀስ ብለሽ መልሺ። ተረከዝሽ ግድግዳውን ከለቀቀ ሥራውን የጭኑ ፊት ወስዶታል ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሁለተኛው፣ ደረጃ ላይ በቀኝ እግርሽ ቁሚ፣ ግራው አየር ላይ ይሁን፣ ጉልበትሽን ሳታጥፊ ግራ ዳሌሽን ዝቅ አድርጊና ወደ ላይ ሳቢው። ይህም 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። በሁለቱም እግር ሥሪ፣ የታመመው ብቻ አይደለም። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ትንሽ ክብደት እሰሪበት ወይም ከብስክሌት ውስጠኛ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ተጠቀሚ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሪልኝ። አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠሽ ጉልበትሽን አጥፊው። የሚያመውን ጉብታ በአውራ ጣትሽ ተጫኚና እግርሽን ቀስ ብለሽ ዘርጊ። ቀጥ ሊል ትንሽ ሲቀረው ያ መርፌ ከመጣ ንገሪኝ። በመስታወት ፊትም በቀኝ እግርሽ ብቻ ቆመሽ ትንሽ ተቀመጥ በዪ፤ ዳሌሽ የት እንደሚሄድ እዪ።

አንድ ነገር በጥብቅ ልጨምር። ጉልበት የሚያብጥ ከሆነ፣ ታጥፎ የሚቆለፍ ከሆነ፣ ከሥርሽ የሚከዳሽ ከሆነ፣ ሳትንቀሳቀሺ ሌሊት የሚያምሽ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ልምምዱን ትተሽ የአጥንት ሐኪም ጋ ሂጂ። ራጅ አጥንትን እንጂ በጉልበት ውስጥ ያለውን ለስላሳ ነገር አያሳይም፤ ገና የጀመረ የአጥንት ስንጥቅም ሊያመልጠው ይችላል።


የሽሮ ሜዳዋ (መስከረም 22)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ማንም እንዲህ አስረድቶኝ አያውቅም። ሞከርኩት። ልክ እንዳሉት ቀጥ ሊል ትንሽ ሲቀረው ጮህኩ፤ እናቴ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች። ግራው ላይ ምንም የለም። መስታወቱ ፊት ደግሞ በቀኝ እግሬ ስቆም ግራ ዳሌዬ ዝቅ ይላል፣ ጉልበቴም ወደ ውስጥ ይገባል። በግራ ስቆም ግን እንደዚያ አይደለም። አያብጥም፣ አይቆለፍም፣ ሌሊትም አያመኝም።

እንግዲህ ውድድሩን ልተወው? ከሩጫ በፊት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ብወስድስ? ጫማዬ ደግሞ ሳልባጅ ነው፣ ተረከዙ በውጭ በኩል ተበልቷል፤ እሱ ይሆን እንዴ?


ፊዚዮ ከሱሉልታ (መስከረም 23)

ክኒኑን አትውሰጂ። ሕመሙ አሁን የሚያገለግልሽ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ሰዓቱን ካጠፋሽው መቼ እንደምትቆሚ አታውቂም። ጨጓራሽንም ያስቆጣል። ቅባቱ አይጎዳሽም፣ አያድንሽምም። ጫማው ተረከዙ ጠሞ ከሆነ ቀይሪው፤ ግን ጥፋተኛው እሱ አይመስለኝም፣ ሚያዝያም ያንኑ ጫማ ነው ያደረግሽው።

ውድድሩን አሁን አትተዪው፣ አሁን ቃልም አትግቢለት። አንድ ሳምንት አትሩጪ፤ ልምምዱን ግን በየቀኑ ሥሪ። ከዚያ ጃን ሜዳ ሂጂ። አራተኛው ላይ የሚጀምርሽ ከሆነ ሁለት ተኩል ኪሎ ሜትር ሩጪና ደህና ሳለሽ አቁሚ። "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ልጨምር" የምትይበት ቅጽበት ይመጣል፤ እዚያ ላይ ነው እኔ አራት ጊዜ የወደቅኩት። አንድ ቀን ሩጪ፣ አንድ ቀን እረፊ። ሁለት ሩጫ ያለ ሕመም ካለፈ፣ በማግስቱም ደረጃው ካልነካሽ ግማሽ ኪሎ ሜትር ጨምሪ። ከወጋሽ ወዲያው ቁሚ፣ በእግርሽ ተመለሺ፣ ቀጣዩን አሳጥሪው። ይህ ሕመም ሲሟሟቅ የሚለቅ ዓይነት አይደለም። ቁልቁለት እስከ ጥቅምት መጨረሻ የለም። እንጦጦ መውጣት ካማረሽ ወጥተሽ በታክሲ ውረጂ።

አንድ ደግሞ፤ ስትሮጪ በ30 ሰኮንድ ውስጥ ቀኝ እግርሽ ስንት ጊዜ መሬት እንደሚነካ ቁጠሪ። 39 ቢሆን 41 አድርጊው፣ በዚያው ፍጥነት። እርምጃሽ ያጥራል፣ እግርሽ ከፊትሽ ርቆ አያርፍም፣ ጉልበት የሚሸከመው ይቀንሳል። መንገድ ላይ የተቀባ መስመር ካገኘሽ ደግሞ ሁለቱ እግሮችሽ በመስመሩ ላይ ሳይሆን ግራው በግራ፣ ቀኙ በቀኝ ይረፉ። እግሩን እያጠላለፈ በአንድ መስመር ላይ የሚሮጥ ሰው ባንዱን በየእርምጃው ይወጥረዋል።


አሮጌ ጫማ (መስከረም 24)

ዶክተር፣ ይቅርታ በእሷ ጥያቄ መሐል ገባሁ። እኔን የሚያመኝ ከፊት፣ በሎሚው ዙሪያ ነው። ከአዳማ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ስመጣ ይብሳል፤ ደረጃ ስወጣም ስወርድም ያመኛል። ይህም አይቲ ባንድ ነው?


ፊዚዮ ከሱሉልታ (መስከረም 24)

ዶክተር አይደለሁም ወንድሜ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አይደለም፣ ያንተ ሌላ ነው፤ ከሎሚው ጀርባ ያለው መገጣጠሚያ የተጫነበት ይመስላል። ጉልበት ለረጅም ጊዜ ታጥፎ ሲቆይ ማመሙ ምልክቱ ነው። የዳሌው ልምምድ ለአንተም ይጠቅማል፤ ከእሱ ጋር የጭንህን የፊት ጡንቻ አጠንክር። ግድግዳ ተደግፈህ፣ ሕመም እስካልተሰማህ ድረስ ብቻ ዝቅ ብለህ 30 ሰኮንድ ቆይ፣ አምስት ጊዜ። ሩጫህን ቀንስ እንጂ አታቁም። ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሮጥና መቼ እንደጀመረህ ለብቻው ጻፈው፤ እመልስልሃለሁ።


የሽሮ ሜዳዋ (ጥቅምት 27)

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ቃሌን ጠብቄአለሁ፣ ከአንድ ቀን በቀር። ጥቅምት 9 ጓደኞቼ ቀድመውኝ ሲሄዱ ተከተልኳቸውና ስድስት ኪሎ ሰፈር አካባቢ ባለችው ትንሽ ቁልቁለት ላይ ወጋኝ። ቆምኩ። በእግሬ ተመለስኩ። ቀጣዩን ሁለት ኪሎ ሜትር አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። የእርምጃ ቁጥሬ 38 ነበር፣ አሁን ሳላስበው 40 ሆኗል። የግድግዳውን ልምምድ ከግማሽ ኪሎ ክብደት ጋር እሠራለሁ፤ እናቴም ለወገቧ ብላ አጠገቤ ተኝታ ትሠራለች። ትናንት አምስት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፤ ዛሬ ደረጃውን ወረድኩት፣ ዝም አለ።

አሁን ጥያቄዬ አንድ ነው። ውድድሩ ላይ ቁልቁለት አለ። ምን ላድርግ?


ፊዚዮ ከሱሉልታ (ጥቅምት 27)

አምስት ስትዪ ከወንበሬ ተነሣሁ። ደስ ብሎኛል፤ ጥቅምት 9 በመቆምሽ ደግሞ ከአምስቱ ይበልጥ ደስ ብሎኛል።

ሩጪ። ከዚያ በፊት ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ጊዜ ለስለስ ያለ ቁልቁለት ፈልገሽ ለሦስት ደቂቃ ብቻ ውረጂ፤ ጉልበትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድሩ ቀን እንዳያገኘው። ውድድሩ ላይ ቁልቁለት ሲመጣ እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ቶሎ ቶሎ አንሺ፣ ወደ ኋላ ተደግፈሽ ፍሬን አትያዥ። መስቀል አደባባይ ላይ ሕዝቡ እጅግ ብዙ ነው፤ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በሰው መሐል ግራ ቀኝ እየተጥመለመልሽ ለመቅደም አትሞክሪ። በመንገዱ መሐል፣ ጠፍጣፋው ላይ ሩጪ። ከወጋሽ ተራመጂ፤ በእርምጃ የሚገባው ሰው ብዙ ነው፣ ብቻሽን አትሆኚም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ልምምዱን ተዪው፤ ዳሌሽ አርፎ ይምጣ።

ሰኞ ጠዋት የቢሮውን ደረጃ ስትወርጂ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።